አርባ ቀን ለአንድ ግድግዳ

«ማሽኑ ደርቋል ካለ፣ እጅሽ ለምን ረጠበ?»

ልጇ ሐመልማል ይህን ስትጠይቅ ማስተዋል ወደ ገዛ እጇ ዞረች። መዳፏን ከግድግዳው አንስታ አየችው፤ ረጥቧል። በቀሚሷ ጠርጋ መልሳ አሳረፈችው፤ እንደገና ረጠበ። ከክፍሉ መሐል የቆመው ማድረቂያ ግን ከጠዋት ጀምሮ በለሰለሰ የሴት ድምፅ ያንኑ ይደጋግማል፦ «እንኳን ደስ አላችሁ። ቤታችሁ ደርቋል። ነገ ጠዋት ድንኳኑን እንረከባለን።»

ከድንኳኖቹ በኩል እልልታ ይሰማል። በጉማራ ወንዝ ዳር በአንድ መስመር የተሠሩት አሥራ አራት ቤቶች በሙሉ በአንድ ጠዋት ደርቀው ነበር። መስከረም አሥራ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ ስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት።

ውሃው የመጣው ነሐሴ ሃያ አራት፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነበር። ሰዓቱን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ነጋሪው ተናግሯል። በዚያ ዘመን ነጋሪ የሚባለው ተናጋሪ መሣሪያ የሌለው ሰው የለም። ሕፃኑም ሽማግሌውም እንደ ማተብ አንገቱ ላይ ያስረዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ይነግረዋል፣ ስንት ኪኒን እንደሚውጥ ይነግረዋል፣ ለማን ደውሎ ምን ማለት እንዳለበት ይነግረዋል። ከነገረው ውጪ የሚያስብ ሰው እየቀነሰ ሄዶ ነበር። ሐሙስ ጠዋት አልጋውን አልጋ ላይ፣ የሩዙን ጆንያ ቆጥ ላይ ሰቀሉ፤ ከምሳ በኋላ ውሃው በበሩ ገባ። አምስት ቀን ወገብ ድረስ ተኝቶ ቆየ። በስድስተኛው ቀን የማድረቂያ ጽሕፈት ቤቱ ፓምፕ መጥቶ ውሃውን እየሳበ ወደ ታችኛው ሰፈር ደፋው። ማግስቱን የታችኛው ሰፈር ፓምፕ ግማሹን መለሰው። ይህ በየዓመቱ የሚሆን ነው፤ የሚገርመው ሰው አልነበረም።

የተረፈውን በጆግና በባልዲ ቀዱት። ደለሉን በአካፋ ዛቁት። ከዚያ ማድረቂያው በየቤቱ ተተከለና ሰው ሁሉ ወደ ድንኳን ወጣ። ሕጉ አጭር ነው። ማድረቂያው በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ደርቋል ካለ ቤተሰቡ በማግስቱ ይገባል፤ ካላለ ቤቱ «የውሃ ይዞታ» ተብሎ ይፈርሳል፣ ቤተሰቡም ጋራው ላይ ወደተገተሩት ብሎኮች ይጫናል። ጋራው ላይ ሩዝ አይበቅልም። ስለዚህ ማሽኑ ደርቋል እንዲል የማይጸልይ አልነበረም። ለማሽን ይጸልዩ ነበር፤ ያውም ከልባቸው።

ከጸሎቱ ጋር ደግሞ መስኮት ይዘጋሉ። ይህ ከማንኛውም ማሽን በፊት የነበረ ነገር ነው። ከተማ የሚያደርሰው አውቶቡስ ሹፌር የለውም፤ ሰባ ሰው ታፍኖ እያላበው ይሄዳል እንጂ መስኮት የሚከፍትም የለም። አንድ ሞኝ ጣት የምታህል ክፍተት ቢከፍት ከኋላ «ንፋስ ገባ፣ ዝጋው» ይባላል። በማድረቂያውም ወቅት እንዲሁ ነው። ውጭ በድንኳን እያደሩ፣ ቤታቸውን ንፋስ እንዳይመታው ዘግተውት ነበር።

ማስተዋል ደግሞ ከሁሉም የባሰች ነበረች። አሮጌ ነጠላ ቀዳ በማማሰያ እጀታ እየጠቀጠቀች የመስኮቶቹን ስንጥቅ አንድ በአንድ ደፈነች። ለዚህ ምክንያት ነበራት። አምና ጥቅምት፣ ቤቱ ደርቋል ተብሎ በገቡ በሦስተኛው ሳምንት ሐመልማል ሳንባዋን ታማ ጤና ጣቢያ ተኛች። አሥራ ዘጠኝ ቀን አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ተሰክቶ ስትተነፍስ ማስተዋል ትንፋሿን ትቆጥር ነበር። ሰዉ «ንፋስ መታት» አለ። ማስተዋልም አመነች። እናት ስትፈራ የማታምነው ነገር የለም።

ዘንድሮ ማሽኑ ደርቋል ባለ ዕለት፣ ከሐመልማል ጥያቄ በኋላ፣ ልጅቷን ወደ ድንኳን ልካ ማድረቂያውን ዙሪያውን አየችው። ከጀርባው፣ ገመዱ በሚሰካበት በኩል፣ ጭቃ የተለጠፈበት ትንሽ ቆርቆሮ አለ። ጭቃውን በምራቋ አርሳ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ፊደል ነበረበት።

ማስተዋል ፊደል መማር ከጀመረች አሥር ወር ሆኗታል። በዚያ አካባቢ የሚያነብ ሰው በጣት ይቆጠራል፤ ነጋሪው እየተናገረ ማን ይለፋል? እሷ የጀመረችው ልጇ ታማ በነበረ ጊዜ ነጋሪዋ ውሃ ገብቶበት ለሁለት ቀን ዲዳ ሲሆን ነው። እጇ ላይ ሁለት ጠርሙስ ነበር፣ አንዱ የሚጠጣ፣ አንዱ የሚቀባ፣ ሁለቱም ላይ ተጽፏል፤ እሷ ግን ሁለቱን እያሸተተች ቆመች። ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ወደ ሩዝ መፈልፈያው መጋዘን መሄድ ያዘች። ጋሽ አድማሱ የሚባሉ፣ ድሮ የሱቅ ሰሌዳ ይጽፉ የነበሩ ሽማግሌ እዚያ ያስተምራሉ። መጽሐፍ ስለሌለ የሚነበበው የሲሚንቶ ከረጢትና የፀረ ተባይ ቆርቆሮ ነው። አራት ሴቶች ነበሩ። ሦስቱ ተስቆባቸው ቀሩ። ማስተዋልም ተስቆባታል፤ ግን ከመሳቂያነት ይልቅ ሁለቱ ጠርሙሶች ያስፈሯት ነበር።

ተንበርክካ፣ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ለአንድ ሰዓት ያህል አነበበች።

መለኪያው የክፍሉን አየር እንጂ የግድግዳውን እርጥበት አይለካም። ማድረቂያው ሲሠራ ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶች ክፍት ይሁኑ። እርጥብ ልስን ተልጦ ይነሳ። ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ ላስቲክ ይለጠፍበት፤ በማግስቱ ላስቲኩ በውስጥ በኩል ጠብታ ከያዘ ግድግዳው አልደረቀም።

ሁለተኛ አነበበችው። ሦስተኛ ግን አላነበበችም። ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደችና በገዛ እጇ የጠቀጠቀችውን ጨርቅ አየች። ያንኑ ጨርቅ አምናም ጠቅጥቃዋለች። አሥራ ዘጠኙን ቀን ያመጣው ንፋስ አልነበረም፤ ይሄ ነበር። ማንበብ በመቻሏ ደስ ብሏት እንደሆነ የሚጠይቃት ሰው ቢኖር በጥፊ ትለው ነበር።

ጨርቁን መዛ ጣለችና ከሣጥን ውስጥ ሮዙን ወረቀት አወጣች። ይህን ወረቀት ጽሕፈት ቤቱ ማድረቂያውን ሲተክል የአውራ ጣት አሻራ አስደርጎ ለየቤቱ ይሰጣል። ሰዉ ቆሎ ይጠቀልልበታል። ነጋሪ ፊት ሲያቀርቡት «ይህ ወረቀት ስለ ቤትዎ ነው። ከእርስዎ የሚጠበቅ ነገር የለም» ይላል፤ ከዚያ በላይ የጠየቀው አልነበረም። ማስተዋል ጀርባውን አነበበች። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ነዋሪው በጽሑፍ ካመለከተ የማድረቂያው ጊዜ በአርባ ቀን ይራዘማል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቤቱ ከውሃ ይዞታ አይመዘገብም።

ድንኳኑ ውስጥ ባሏ አበጀ ምንጣፉን እየጠቀለለ ነበር። ጎረቤቶቻቸው እትዬ ስመኝና አያ ፈንታሁን በሩ ላይ ቆመው ስለ ነገው መግቢያ ያወራሉ።

«አልደረቀም» አለች ማስተዋል።

«ማን አለ?» አለ አበጀ።

«ግድግዳውን ነክቼዋለሁ። ማሽኑም ጀርባው ላይ ግድግዳ አልለካም ብሎ ጽፏል።»

«ጽፏል አለች» አለች እትዬ ስመኝ ወደ አያ ፈንታሁን ዞራ። «አፍ ያለው ማሽን ለምን ብሎ ይጽፋል?»

«እትዬ ስመኝ፣ እርስዎም ቤት ያለው አንድ ዓይነት ነው። ይምጡና ላንብብልዎ።»

«ተይኝ እቴ። ያንቺ ፊደል ዓይኔን ሊያጠፋው ነው።»

አያ ፈንታሁን ግን አልሳቀም። «ስሚ፣ ማስተዋል፣ አንዱ ቤት አልደረቀም ከተባለ የመስመሩን ሁሉ እንደገና ይለካሉ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብሎክ አልወጣም። ለልጅሽ ስትይ አሥራ አራት ቤት ታስፈርሻለሽ?»

«ለልጄ ስል አንድ ቤት አደርቃለሁ። አርባ ቀን መጠየቅ ይቻላል፤ በጽሑፍ ከሆነ። ለእናንተም እጽፍላችኋለሁ።»

«የኛን ስም እንዳትነኪ» አለ አያ ፈንታሁን።

አበጀ ምንጣፉን አስሮ ጨረሰ። «የት ልናድር ነው አርባ ቀን? ንፋስ ላይ? አምና የሆነችውን ረሳሽው?»

ማስተዋል አምና የሆነችውን አልረሳችም። ግን ያን ለባሏ ለማስረዳት በመጀመሪያ ጥፋቱ የራሷ ጨርቅ እንደነበር መናገር ነበረባት። ተናገረች። አበጀ የምንጣፉን ገመድ እንደገና አጠበቀና «ይሄንን ያስተማረሽ ያ ሽማግሌ ነው» አለ።

ማመልከቻውን የጻፈችው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ነው። ቤቴ አልደረቀም። ልጄ ሳንባዋን ትታመማለች። በሰባተኛው መሠረት አርባ ቀን ስጡኝ። ማስተዋል ውበቱ። ከዚህ በላይ የምትለው ነበራት፤ የምትጽፈው ግን አልነበራትም።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ወጣት ያፌት ይባላል። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ነጋሪው ፊት አቀረበው። ነጋሪው አሰበና «ይህ የእጅ ጥልፍ ነው። የቅጠል ቅርጽ ይታይበታል» አለ።

«እናቴ፣ ጥልፍ የሚቀበሉት ሦስተኛው በር ናቸው» አለ ያፌት።

«ማመልከቻ ነው።»

«ማመልከቻ በአፍ ነው። እዚች ጋ ተናገሪ፣ እሱ ይመዘግብልሻል።»

«በአፍ ከተናገርኩ ቤቱ ይፈርሳል። በጽሑፍ ነው የሚለው። እንካ፣ ሰባተኛውን አንብበው።»

ያፌት ሮዙን ወረቀት እንደ ሰው ንፍጥ አየው። በቀን ሃምሳ እየቆጠረ የሚያድለው ወረቀት ነው። «እኔ ለማንበብ አይደለም የተቀጠርኩት» አለ፤ ሲልም አላፈረም። ጠረጴዛው ላይ የስሙ ሰሌዳ ተገልብጦ ቆሟል። ማስተዋል አቃናችለት። ለምን እንደነካችው አልገባውም።

ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሚያስወጣት ሰው ጠፍቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኃላፊዋ ወይዘሮ ፌቨን መጡ። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ መነጽር አላቸው፤ በልጅነታቸው መጽሐፍ ያለበት ትምህርት ቤት ከተማሩ ሰዎች አንዷ ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። ሲጨርሱ ፊታቸው ላይ የታየው ደስታ አልነበረም፤ የቆየ ዕዳ እንዳስታወሱት ሰው ነበሩ።

«ማን ጻፈልሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ተይ እንጂ። ያ የሰሌዳ ሠሪ ነው።»

«ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እዚሁ ጻፊልኝ» አሉ።

በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ እስክሪብቶ አልነበረም። ያፌት በሦስት መሳቢያ ፈለገ፣ ዘበኛው ተላከ፣ በመጨረሻ ከአናጢ የተዋሱት እርሳስ መጣ። ወይዘሮ ፌቨን ቆመው አጻፏት፦ «ቤቴ በአርባ ቀን ውስጥ ካልደረቀ ያለ ምንም ክርክር በፈቃዴ እለቃለሁ።»

ማስተዋል የምትጽፈውን ታውቀው ነበር። ሌሎቹ አሻራቸውን የሚያሳርፉት ምን ላይ እንደሆነ አያውቁም፤ እሷ ግን ቤቷን ፊደል በፊደል አሳልፋ እየሰጠች ነበር። «ክርክር» ላይ ስትደርስ እርሳሱን አንስታ ቃሉን እንደገና አነበበች። ያፌት ሳቀ። ጨርሳ ስሟን ከሥሩ ጻፈች።

ወይዘሮ ፌቨን ማኅተሙን መቱ። «ድንኳኑን ግን ነገ ትመልሻለሽ። ሰባተኛው ስለ ድንኳን የሚለው ነገር የለም።»

በማግስቱ አሥራ ሦስት ቤተሰብ ወደ ቤቱ ገባ። ማስተዋል ልጇን ጋሽ አድማሱ ፈቅደውላት መጋዘኑ ጥግ አስተኛቻትና በመዶሻ ልስኑን ማውረድ ጀመረች። ሲሚንቶው በሰፊ በሰፊው እየተላጠ ሲወድቅ ከሥሩ ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። በሁለተኛው ቀን አልጋው ይቆምበት ከነበረው ጎን አንድ ክንድ የሚያህል ልስን ስታወርድ ከውስጥ ነጫጭ ነገር አየች። ጭቃው ሲመረግ ከገለባው ጋር የገባ ሩዝ በቅሎ ነበር። ብርሃን አይቶ የማያውቅ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ በርካታ ሩዝ። እንኳን ደስ አላችሁ የተባለለት ቤት ይህ ነው።

አበጀን ጠርታ አሳየችው። አየና «የኛ ግድግዳ ብቻ ይሆናል» አለ።

መስኮቶቹን ፊት ለፊት በረገደቻቸው። ንፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሰፈርተኛው በዚያ ሲያልፍ ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ መንገዱን ይሻገር ጀመር። ግድግዳው ላይ የማዳበሪያ ላስቲክ ለጠፈች፤ ጠዋት ስታየው በውስጥ በኩል ጠብታ ተንጠልጥሎበታል። በማግስቱም። በሳምንቱም።

በስድስተኛው ቀን ሐመልማል አሳላት።

አበጀ ይህን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ልብሷን ጠቅልሎ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ወንድሙ ጋራው ላይ ብሎክ ውስጥ ነው የሚኖረው። «እዚያ መስኮቱ ከናካቴው አይከፈትም» አለ፤ እንደ በጎ ነገር ነበር የሚናገረው። «ስጪኝ ልጄን።»

«ሦስት ቀን ጠብቀኝ።»

«አምናም እንዲህ ነው የጀመራት።»

ማስተዋል ጀርባዋን ሰጥታ የልጅቷን ደረት በጆሮዋ አዳመጠች። ያነበበችው አራት መስመር ነው። አራት መስመር ይዛ ከባሏ፣ ከጎረቤቶቿና ከነጋሪው ሁሉ እበልጣለሁ እያለች ነው። ቆርቆሮው ላይ የጻፈውስ ሰው ቢዋሽ? ይህን ከዚያ በፊት አስባው አታውቅም ነበር። «ሦስት ቀን» አለች እንደገና።

አበጀ ጠበቀ። ያን ያህል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ንፋስ የሚፈራ ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳሉ ቆመ። ልጅቷ መጋዘኑ ውስጥ እየሮጠች ጋሽ አድማሱ ያሳዩአትን ፊደል ከረጢት ላይ ታነብ ጀመር። አበጀ ይህን አይቶ «እድለኛ ነሽ» አለና ብቻውን ወደ ጋራው ወጣ። አርባው ቀን ሲያልቅ እንደሚመለስ ተናግሮ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ ሳሉ ከሌሎቹ ቤቶች ተነሳ። መጀመሪያ ከአያ ፈንታሁን፣ ከዚያ ከእትዬ ስመኝ፣ ከዚያ ከመስመሩ ጫፍ። ነጋሪዎቹ ሁሉም «ሞቅ ያለ ነገር ይጠጡ» አሉ። ሰዉም ምክንያቱን ፈልጎ አገኘው። አንድ እሑድ ጠዋት ስምንት ሰው ማስተዋል በር ላይ መጣ።

«መስኮትሽን ዝጊ» አለ አያ ፈንታሁን በሳሉ መሐል። «በቤትሽ የሚያልፈው ንፋስ ነው ሁላችንን የሚመታን።»

ማስተዋል አንድ በአንድ አየቻቸው። በር ዘግተው፣ መስኮት ደፍነው፣ ሩዝ በሚበቅልበት ግድግዳ ሥር ራሳቸውን አድርገው እየተኙ፣ የሚያሳምማቸው ከሃያ ሜትር በላይ ርቆ ያለ መስኮት ነው። ልትሰድባቸው ፈልጋ ነበር። በምትኩ ከማዳበሪያው ላስቲክ ስምንት ቁራጭ ቆርጣ ለየአንዳንዱ ሰጠች። «ግድግዳችሁ ላይ ለጥፉት፤ ጠዋት እዩት። ከዚያ መጥታችሁ ዝጊ በሉኝ።»

ለጠፉት። ጠዋት አዩት። ከዚያ ቶሎ አንስተው ደበቁት፤ ጠብታውን ጽሕፈት ቤቱ ካየ ያፈርስብናል ብለው። ዝጊ ሊላት የመጣ ግን አልነበረም። ሰላም የሚላትም አልነበረም። እትዬ ስመኝ ብቻ ከሰዓት በኋላ ሮዙን ወረቀት ደረቷ ውስጥ አጥፋ መጣች።

«ለኔም ጻፊልኝ» አለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነበር።

«ደርቋል ተብሎ ገብተዋል እኮ፤ ጊዜው አልፏል እትዬ። መስኮቱን ይክፈቱ፤ ልስኑን አብረን እናወርዳለን።»

«ሁለቱንም መስኮት?»

«ሁለቱንም።»

እትዬ ስመኝ የመጀመሪያውን ሳምንት አንዱን ብቻ ከፈተች፤ ያውም ግማሹን። ጭንቅላቷ ላይ ሁለት ሻሽ አሥራ ነበር።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠብታው ከላይ ጠፍቶ ወለሉ አጠገብ ብቻ ቀረ። በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ላስቲኩ ደርቆ ተገኘ። ማስተዋል አላመነችም፤ ቦታ እየቀያየረች ሦስት ቀን ለጠፈችው። በአርባኛው ቀን ወይዘሮ ፌቨን ያፌትን አስከትለው መጡ። ያፌት መለኪያውን ወደ ክፍሉ ሲዘረጋ መለኪያው «ይህ ቤት ክፍት ነው። መለካት አይቻልም» አለ። ያፌት ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎት መለኪያውን አጠፈ። ወይዘሮ ፌቨን ግን ላስቲኩን ገልጠው በብርሃን ያዙት፣ ዘወር ዘወር አድርገው አዩት፣ ከዚያ ያስጻፏትን ወረቀት ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጧት። ሲወጡ በሩን ክፍት ተዉት።

በኅዳርና በታኅሣሥ የጽሕፈት ቤቱ መኪና አምስት ጊዜ መጣ። ከአሥራ አራቱ ቤቶች የአሥራ ሁለቱ ቤተሰቦች በሕመም ምክንያት ለቀው ጋራው ላይ ወዳሉት ብሎኮች ተጫኑ። አያ ፈንታሁን ብሎክ አልወጣም፤ ኅዳር ዘጠኝ ቀን ተቀበረ፤ የወጡት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። አበጀ አልተመለሰም። ጋሽ አድማሱ በመጋዘኑ፣ እትዬ ስመኝ ሁለቱም መስኮት በተከፈተ ቤቷ፣ ማስተዋልና ሐመልማል በደረቀው ቤታቸው ቆዩ።